በርካሽ አውሮፕላን ወደ እትዬ ላን እህት ቤት

ከካልጋሪ የተነሣነው ብርዱ አፍንጫ በሚቆርጥበት ሰሞን ነው። ከሰፈራችን ከአቢዴል እስከ ኤርፖርት የፒካፑ መስታወት ከውስጥ በኩል ሳይቀር በረዶ ሠርቶ ነበር። ከኋላ አራት ሻንጣ ጭነናል፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ የሥራ ባልደረባዬ የእትዬ ላን፣ አራተኛው ደግሞ የማንም ያልሆነ፣ “ለሰው የሚሰጥ” ብለን የሞላነው። ባለቤቴ ሳምሶን እየነዳ መንገዱን ሙሉ ሲያላግጥብኝ ነበር።

“ሰው ዊንተር ሲያስመርረው ሜክሲኮ ይሄዳል። አንቺ ቬኬሽንሽን በሙሉ ዩዝ አድርገሽ የሰው ቤተሰብ ልትጠይቂ ቬትናም?”

“ብቻቸውን አይችሉም አልኩህ እኮ።”

“ልጃቸውስ?”

“ነዳጁ ሳይት ላይ ነው። ኦፍ ጠይቆ ከለከሉት። ኦቨርታይም እንጂ ኦፍ የለም አሉት።”

“እሱስ እውነት ነው” አለ። እሱም ለነዳጅ ኩባንያዎች የቧንቧ ብረት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ነገሩን ያውቀዋል። ቀጥሎም “ሪያልተሩ ስለ ቸስተርሚሩ ቤት ቢደውል ምን ልበለው?” አለኝ። ከምድር ቤት ኪራይ ወጥተን የራሳችንን ቤት ልንገዛ ስንፈልግ የከረምንበት ጊዜ ነበር።

“እስክመጣ ያቆይልን በለው።”

ያ ዘመን የነዳጅ ዘመን ነበር። መሀል ከተማው በክሬን ተሞልቷል። ቆሞ መሄድ የሚችል ሰው ሁሉ ሥራ ያገኛል፤ ካገኘ በኋላ ግን ማረፊያ ያጣል። እኔና እትዬ ላን የምንሠራው ኤርፖርት ነው፤ መንገደኛ ከወረደ በኋላ ገብተን አውሮፕላን እናጸዳለን። ሠራተኛ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጁ ካምፕ የሚያመላልሱት አውሮፕላኖች የባሱ ነበሩ፤ ከምንጣፋቸው ላይ የሚጠረገው ጭቃ አንድ መደብ ጎመን ያበቅላል። እትዬ ላን የቡድናችን ሊድ፣ ማለትም አለቃ፣ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ የወንበር ኪስ ውስጥ እጅ ከመስደድ በፊት በባትሪ ማየትን ጭምር፣ እሳቸው ናቸው።

ከእሳቸው ጋር የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ታላቅና ታናሽ አይለይም። እኔ ግን ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ስድሳ ያለፋቸውን ሴት አንቺ ብዬ ብጽፍ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትቆነጥጠኛለች። እሳቸውም ወይንሸት የሚለውን ስሜን መጥራት አልሆንላቸው ብሎ “ኤም” ይሉኛል፤ በቋንቋቸው ታናሽ እህቴ እንደ ማለት ነው።

እትዬ ላን ካናዳ የገቡት በወጣትነታቸው ነው፤ በጀልባ ከተሰደዱት አንዷ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገራቸውን አላዩም። ባለፈው መኸር ባላቸው ሞቱባቸው። ሐዘኑ ሳይበርድ ደግሞ ቪን ከምትባል የሰሜን ቬትናም ከተማ ስልክ ተደወለ። ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ሁዋ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሕመሙ ከዳር ከዳር እየበላ መሀሉን ብቻ ትቶላቸዋል፤ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው ይላሉ። ሐኪሞቹ አይመለስም ብለዋቸዋል። “ለዚህ አዲስ ዓመት ካልመጣሽ” አሉ ሁዋ በስልክ፣ “ለሚቀጥለው ድምፅሽን እንጂ ፊትሽን አላገኘውም።” እትዬ ላን ይህን የነገሩኝ አውሮፕላን ውስጥ ምንጣፍ እየጠረግን ነው። መጥረጊያውን ሳያቆሙ ነገሩኝ። እኔም ሳላስበው “አብሬዎት እሄዳለሁ” አልኩ። የጉዞው ነገር ይኸው ነው።

ሳይጎን

በቫንኩቨርና በሆንግ ኮንግ አድርገን ሳይጎን ገባን። ከተማዋ በወረቀት ላይ ሌላ ስም አላት፤ ሰው ግን ሳይጎን ይላል። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። እትዬ ላን ደረጃው ላይ ቆመው አንዴ በረጅሙ ተነፈሱ። በረራውን ሁሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ “በደንብ አልጠረጉትም” ሲሉ የነበሩ ሴት ዝም ሲሉ አሳዘኑኝ።

የተቀበለችን ትራንግ ናት፤ የሁዋ የልጅ ልጅ። አገር ውስጥ በሚበር አንድ ርካሽ አየር መንገድ ትኬት ቆራጭ ሆና ትሠራለች። ትኬታችንንም ከወራት በፊት ይዛ የጠበቀችን እሷ ናት። ዋጋውን ስሰማ ተሳስታ ነው ብዬ ነበር፤ ለክረምት ከገዛሁት ቦት ያንሳል። የአገሪቱን ግማሽ የሚያህል መንገድ ነው የምንበረው። ቀኑ የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተን፣ አመሻሽ ላይ ቪን ደርሰን፣ ከሁዋ ጋር የዓመት ማለቂያውን እራት እንበላለን። ዕቅዱ ይህ ነበር።

ወደ አገር ውስጥ በረራው ተርሚናል ስንገባ አፌን ይዤ ቆምኩ። ሕዝቡ የጥምቀት ሕዝብ ነው። ነገር ግን የጥምቀት ሕዝብ ሻንጣ አይዝም። እዚህ ካርቶን በገመድ የታሰረ፣ ሩዝ ማብሰያ ማሰሮ ከነሣጥኑ፣ ቢጫ አበባ ያንዠረገገ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ትከሻ ላይ ያንቀላፋ ሕፃን፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ግንበኞች፣ የቤት ሠራተኞች ናቸው አለችኝ ትራንግ በእንግሊዝኛዋ። ዓመቱን ሙሉ ደቡብ ሠርተው ለአዲስ ዓመት ወደ ሰሜን፣ ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። እኔ በሥራዬ ብዙ ኤርፖርት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው፣ ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ እጁ ሲሚንቶ እንደ ነከሰው፣ አውሮፕላን ሊሳፈር ሲሰለፍ ግን አይቼ አላውቅም። ደነቀኝ። ዛሬም ይደንቀኛል።

ተራችን ደርሶ ሚዛኑ ጋ ስንቀርብ ግን መደነቄ ጠፋ። ሐበሻና የኤርፖርት ሚዛን መቼም ታርቀው አያውቁም። ለሰው የሚሰጠው ሻንጣ ከኋላችን ያለው ሰው እስኪስቅ ድረስ ሚዛኑን አወረደው።

“አክስቴ” አለችኝ ትራንግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እዚህ ነፃ የሆነው ወንበሩ ብቻ ነው። በእጅ ሰባት ኪሎ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለብቻው ይከፈላል። ውሃም ይከፈላል። መስኮት አጠገብ ልቀመጥ ካልሽም ይከፈላል።”

“የለበስኩትስ?”

“የለበስሽውን ማንም አይመዝንም።”

እሺ ብዬ ሻንጣውን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት ሹራብ ደራርቤ፣ በላዩ የካልጋሪውን ወፍራም ካፖርት ደረብኩ። የሜፕል ሽሮፑን ኪሴ ውስጥ ላደርግ ስል ፈሳሽ አይገባም ተብዬ ወደ ታችኛው ጭነት ተመለሰ። እትዬ ላንም የልጃቸውን ጃኬት ለበሱ፤ እስከ ጉልበታቸው ደረሰ። በዚያ ሙቀት ሁለት ድብ መስለን ስንሄድ ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበልን። እትዬ ላን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጭጋግ

በረራችን ያለበት ሰሌዳ ላይ የመነሻው ሰዓት ተለወጠ። ቆይቶ እንደገና ተለወጠ። ቪን ላይ ጭጋግ ወርዷል፤ ማንም አያርፍም። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ሰሜን መሄድ የነበረባቸው ሁሉ በላያችን ላይ ተደረቡ። ሰዉ ካርቶኑን ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ተቀመጥን። ትራንግ እረፍት ስታገኝ መጥታ አጠገባችን ቁጢጥ ትላለች። ግንባሯ እስኪቀላ ጠብቆ የታሰረ ፀጉሯን ፈትታ፣ ከወረቀት ኩባያ ኑድል እየበላች ታጫውተናለች።

“የእኛ ኩባንያ አውሮፕላኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው” አለችን። “አንዱን ማብረር የቻለ አብራሪ ሁሉንም ያበራል። አንዱን የሚጠግን ሁሉንም ይጠግናል። መለዋወጫውም አንድ ነው። ርካሽነቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ምሥጢር አለመቆም ነው። አውሮፕላን መሬት ላይ ከቆመ ብር አይሠራም። አንዱ አውሮፕላን ከጎሕ ጀምሮ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ጭጋግ ከያዘው ማታ ሌላ ቦታ ያለው ሰው ይጠብቃል።”

“ዛሬ የምንጠብቀው እኛ ነን በያ” አሉ እትዬ ላን።

“ዛሬ እኛ ነን፣ አያቴ።” ትራንግ ኩባያዋን አስቀመጠች። “ልጅ ሆኜ አያቴ ሁዋ ከቪን ሳይጎን በባቡር ይዛኝ መጥታ ነበር። ቀንም ሌሊትም እንጨት ወንበር ላይ። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት። ያን ጊዜ አውሮፕላን የመንግሥት ብቻ ነበር፤ የሚሳፈረው ባለሥልጣን ነው፣ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያለው። በኋላ ለግል ኩባንያ ተፈቀደ። እኛም ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲነዛ ደስ አለን። ግን ፈቃዱ ተሰጥቶ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።”

“ለምን?” አልኳት።

“ነዳጅ ተወደደ። ለርካሽ አየር መንገድ ነዳጅ ሲወደድ ሞት ነው። ዘንድሮ ይነሣል፣ ለከርሞ ይነሣል ሲባል ቆየ። በመጨረሻ ተነሣ። የመጀመሪያውን ሰሞን ሰዎች ጣራ ላይ ወጥተው ያዩት ነበር።”

እኔና እትዬ ላን ተያየን። ነዳጅ የተወደደባቸውን ዓመታት እኛ በደንብ እናውቃቸዋለን። ካልጋሪ ክሬን ያበቀለችባቸው፣ ሳምሶን አዲስ ፒካፕ የገዛባቸው፣ የእትዬ ላን ልጅ በደመወዙ የታበየባቸው ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት እዚህ እንደ ሁዋ ያሉ አሮጊቶች እግራቸው እስኪያብጥ ባቡር ላይ ይቀመጡ ነበር። ለካ የእኛ ፋሲካ የእነሱ ሁዳዴ ኖሯል። ጥፋት ሠርቻለሁ ብዬ አይደለም፤ ዓለም እንዲህ በአንድ ገመድ መታሰሯ ግን አስደነገጠኝ።

ሳምሶን ደወለ። “ፍላይቱ ዲሌይ ሆነ እንዴ? ሪፈንድ ጠይቂያ!”

“ጭጋግን ማን ሪፈንድ ያደርጋል?” ብዬ ዘጋሁበት።

በረራው ወደ ንጋት ተዛወረ። አዲሱ ዓመት እዚያው ተርሚናል ወለል ላይ አገኘን። ሰዉ ተነሥቶ እርስ በርስ ተጨባበጠ፤ አንዱ ከረሜላ አደለን። እትዬ ላን ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። “አለፈ” አሉ። እራቱ ስለ ቀረ ያዘኑ መሰለኝና “ቁርስ እንበላለን፣ አይዞዎት” አልኳቸው። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበረ።

በበሩ ላይ

ሲነጋ አውሮፕላናችን ከሌላ ከተማ መጥቶ ቆመ። እኔና እትዬ ላን በመስታወቱ ተጣብቀን አየን። ሥራችን ነዋ! መንገደኛው ከፊትም ከኋላም በደረጃ ይወርዳል። ገና የመጨረሻው ሰው ሳይወርድ የነዳጁ መኪና ክንፉ ሥር ገብቷል፤ ከሆዱ ሻንጣ ይወጣል፣ በሌላ ጋሪ ሻንጣ ይመጣል። ውስጡን ደግሞ ማን ያጸዳል ብዬ ስጠብቅ እነዚያው አስተናጋጆቹ፣ ከንፈራቸውን ቀለም የተቀቡት ልጆች፣ ላስቲክ ይዘው ከወንበር ወንበር ቆሻሻ እየለቀሙ ሲያልፉ በአውሮፕላኑ መስኮቶች ታዩኝ። ጽዳት የሚባል ቡድን የለም።

“እኛ እኮ ይህን ጊዜ ገና ጓንት እያጠለቅን ነው” አልኩ።

እትዬ ላን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ “ያችኛዋ አንድ ጥግ ሳትለቅም አለፈች” አሉ፤ ቀጥለው ግን “ጎበዞች ናቸው” አሉ። ከእሳቸው አፍ ጎበዝ የሚል ቃል ለማግኘት እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ደረጃውን ስንወጣ ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የፋብሪካ ዘበኛ ናቸው፤ ለእትዬ ላን ሰልፉ ላይ አጫውተዋቸዋል። የበዓል እረፍታቸው አጭር፣ የባቡሩ መንገድ ረጅም ስለሆነባቸው ለብዙ ዓመታት በአዲስ ዓመት ሚስታቸውን አላዩም። አውሮፕላን ሲሳፈሩም የመጀመሪያቸው ነው። የላይኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፤ አስተካክለው በሩ ጎን አኖሩትና በባዶ እግራቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሰው ይስቃል ብዬ ተሳቀቅሁ። ማንም አልሳቀም። በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጅ፣ ገና ልጅ እግር የሆነች፣ እንዳጠፉ አልነገረቻቸውም። ዝቅ አለች፣ ጫማውን በሁለት እጇ አነሣች፣ እንደ ትልቅ ዕቃ ይዛ እስከ ወንበራቸው ተከተለቻቸው። እኔ ለቤተ ክርስቲያን ነው ጫማ የማወልቀው። ስንት ሺህ ጊዜ አውሮፕላን ገብቻለሁ፣ በመጥረጊያና በላስቲክ፤ አንድም ቀን የተከበረ ደጃፍ ነው ብዬ አላሰብኩም። ዕንባዬ መጣ። በሦስት ሹራብ ውስጥ ላብም ነበረብኝና ማንም አልለየውም።

ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ጉልበቴ የፊተኛውን ነካ። ሞተሩ አጓርቶ ከመሬት ስንለቅ መላው አውሮፕላን ጸጥ አለ፤ ካርቶኑን አቅፎ የሚጸልይም አለ። ከደመናው በላይ ስንወጣ ግን ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ገባች፣ የሰውም ወሬ ተጀመረ። አስተናጋጆቹ ኑድል መሸጥ ከመጀመራቸው በፊት የአዲስ ዓመት ትንንሽ ቀይ ፖስታ ለየሰዉ አደሉ። ሽማግሌው ፖስታውን ሳይከፍቱ ግንባራቸው ላይ አስነኩት። ወደ እትዬ ላን ዞረው አንድ ነገር አሉ፤ እሳቸውም ተረጎሙልኝ፦ “ትናንት እራቴን እዚያ በላሁ፣ ዛሬ ቁርሴን ከሚስቴ ጋር እበላለሁ፣ በመሀል አርጅቼ እንኳ አላውቅም አሉ።”

ቪን

ቪን ካፊያና ብርድ ነው። ካፖርቴን ባርኬ አጠበቅሁት። ጭጋጉ ተገፎ ሰማዩ ነጭ ሆኗል። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ በየቤቱ ደጅ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። ታክሲው ብርቱካን የሚመስል ፍሬ ያዘለ ተክል በገንቦ የቆመበት የብረት በር ፊት አወረደን። በሩ ገርበብ ብሎ ክፍት ነው። ከግቢው ወዲያ የቤቱ ደጃፍ ይታያል።

የእኔ ጥፋት የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ታላቅ ሳይቀድም ታናሽ ደጃፍ አይረግጥም። ታላቁ እምቢ ይላል፣ ታናሹ ይለምናል፣ ታላቁ እንደገና እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ በክንዱ ተይዞ ይገፋል፤ መገፋቱ ክብር ነው። እኔም “ይቅደሙ” አልኳቸው።

“አንቺ ቅደሚ፣ ኤም።”

“ኧረ በፍጹም! የእህትዎ ቤት! ይግቡ።”

“ቅደሚ አልኩሽ።”

እየተግደረደሩ መሰለኝ። ክንዳቸውን ያዝኩና እየሣቅሁ ገፋሁ። እትዬ ላን የብረቱን በር በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙና ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ሻንጣው ወደቀ፤ አንዱ የሜፕል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጡ ሲሰበር ተሰማኝ።

“ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላኝም!” አሉ። “ዛሬ የዓመቱ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ሰው ለቤቱ ዓመቱን ይዞለት ይገባል። ሐዘን የያዘ ሰው አይገባም። ትናንት ደርሰን ቢሆን ኖሮ ቤተሰብ ነኝ፣ ምንም አልነበረም። ዛሬ ግን ሞቴን ይዤ በታመመች እህቴ ላይ አልገባም።”

አለፈ ያሉት ይህን ነበር። እኔ ደግሞ እራት አልኩ፤ ልፋ ያለው። ምን ልበል? በዚያ ካፊያ ከዓለም ጫፍ አመጣኋቸውና በገዛ እጄ ወደሚፈሩት ነገር ገፋኋቸው። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብለው፣ ጎረቤት መጥቶ መጀመሪያ እስኪገባላቸው እጠብቃለሁ አሉ። ሰፈሩ ገና ተኝቷል።

ከቤቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። “ላን?” አለ። ከዚያ አንዲት ቀጭን አሮጊት ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወጡ። ሁዋ ናቸው። እትዬ ላን ከውጭ ሆነው አትምጪ እያሉ ያስረዳሉ፤ ሁዋ እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆነው በድምፁ አቅጣጫ ይመጣሉ። በሩን አልፈው ወጡ። እህታቸው ፊት እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጡ። የእትዬ ላንን ፊት ግራና ቀኝ ያዙና፣ ራሳቸውን ወደዚህም ወደዚያም እያዘነበሉ፣ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ፈለጓቸው። አንድ ጊዜ ግንባር፣ አንድ ጊዜ ዓይን፣ አንድ ጊዜ አፍ። ቁራሽ በቁራሽ አዩዋቸው። ሰማዩ ነጭ ነበር፤ ጥላ የሌለው፣ የማይወጋ ብርሃን።

ኋላ እትዬ ላን የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ሁዋ እንዲህ አሏቸው፦ “እቤት ውስጥ ጨለማ ነው፣ አምፖልም አይረዳኝም። ማታ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ጥላሽን ነበር የማየው። እንኳን ዘገየሽ። እንኳን ደጅ ቆምሽ።” ቀጥለው ደግሞ “አርጅተሻል” አሏቸው። “አንቺም” አሉ እትዬ ላን። ሁለቱም ሣቁ፤ የሣቁ ነው የመሰለኝ፣ ከለቅሶው መለየት አልተቻለም። እኔ ግን በግልጽ አለቀስኩ።

ከዚያ ሁዋ ወደ እኔ ዞሩ። ይህቺ ማን ናት? መቼ ተወለደች? ብለው አስጠየቁኝ። የመጀመሪያው እንግዳ የተወለደበት ዓመት እንስሳ አለው፤ ለቤቱ መስማማት አለበት። እኔ ደግሞ ሁለት ልደት አለኝ። አንዱ ስደት ላይ ሳለሁ በግምት ወረቀት ላይ የሰፈረው ነው፤ ሁለተኛው እናቴ የነገረችኝ፣ በእኛ አቆጣጠር የሆነው። እትዬ ላን በጣታቸው ደመሩ። በወረቀቱ ነብር፣ በእናቴ ቃል በሬ ሆኜ ተገኘሁ። ነብር ቤት አያስገቡም፤ በሬ ግን ታጋሽ ነው፣ ይፈለጋል።

ሁዋ አሰብ አደረጉና ፈረዱ፦ “እናት አትዋሽም። በሬ ናት፤ ትግባ።”

ሦስት ሹራብ የለበሰች በሬ ሆኜ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ መልካም ነገር እየተናገርሽ ግቢ ተባልኩ። እኛም እኮ “እግረ እርጥብ” የምንለው ሰው አለን፤ ሲገባ በረከት አብሮት የሚገባ። እኔ ራሴን እንደዚያ ቆጥሬ አላውቅም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀኝ እግሬን አስቀደምኩ፣ በአማርኛ መረቅሁ፦ “ዓመቱ የጤና ይሁንላችሁ። የራቀ ይቅረብ፣ የታመመ ይዳን። ቤታችሁ ሰው አይጣ።” ከኋላዬ እትዬ ላን የእህታቸውን ክንድ ይዘው ገቡ።

ቁርስ ሲቀርብ ዕለቱ ዓርብ መሆኑ ትዝ አለኝና ጨነቀኝ፤ ፆም ነው። ለካ ሁዋም በአዲሱ ዓመት ቀን ሥጋ አይቀምሱም። እንጉዳይና የአኩሪ አተር አይብ በሩዝ በላን። ሁለት ፆመኛ ተገናኘን አልኩ።

መመለስ

ቪን የቆየነውን ሁሉ እትዬ ላን ከእህታቸው ጎን አልተለዩም። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ሲመጣ ደጅ ይቀመጣሉ፤ ሁዋም ያዩዋቸዋል። ስንመለስ አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሰሜን የሚመለሰው ሠራተኛ አሁን የእናቱን ሩዝ ኬክ በካርቶን ይዟል። ከበዓሉ በፊት ወደ ሰሜን ሞልተው ወደ ደቡብ ባዶ፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ ደቡብ ሞልተው ወደ ሰሜን ባዶ ይበራሉ አለችን ትራንግ። ለአንድ እራት ሲባል ይህ ሁሉ አውሮፕላን ባዶውን እንደሚመላለስ አስቡት። እኔ እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ካልጋሪ ተመልሼ ሥራ ስገባ የካምፑ አውሮፕላን እንደ ወትሮው ጭቃውን ይዞ ጠበቀኝ። ያን ቀን መጥረጊያውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ድሮ ጭቃው ብቻ ነበር የሚታየኝ። አሁን ግን ከዚህ ወንበር ተነሥቶ አንዱ ወደ ማን ደጅ ሄዶ ይሆን እላለሁ። የጉዞው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሌላ የረቀቀ ነገር አላገኘሁበትም።

የቸስተርሚሩን ቤት ቁልፍ የተቀበልነው ክረምቱ ገና ሳይለቅ ነው። የዚያን ሰሞን ሁዋ ጨርሰው ማየት አቁመዋል። እትዬ ላን በስልክ ሰምተው ለእኔ ሲነግሩኝ አላለቀሱም። “በመጨረሻ የያዘችው ፊት የእኔ ነው ብላለች” አሉኝ።

ዕቃ ስናስገባ እትዬ ላን ሊረዱን መጡ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ማንም ገና አልገባበትም። በሩን ከፈትኩና ወደ ጎን ቆምኩ።

“ይቅደሙ” አልኳቸው።

ወዲያው ገባቸው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። “ኤም፣ ዓመቴ አልሞላም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“በእኛ ቤት ያዘነ ሰው ደጅ አይቆምም።”

ሳምሶን ከኋላ ፍራሽ ተሸክሞ ቆሟል። “ወይንዬ፣ ማሞቂያው ፈርነስ ውጪውን ሂት እያደረገ ነው። ወይ አስገቢያቸው ወይ ዝጊው!” አለ።

ክንዳቸውን አልያዝኩም፤ አልገፋሁም። ጠበቅሁ። እትዬ ላን ደጃፉን ብዙ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ ውጭ በረዶው ላይ፣ ቦት ጫማቸውን አንድ በአንድ አወለቁ። አስተካክለው በሩ ጎን አኖሩትና በካልሲያቸው ገቡ።

እኔም ዝቅ ብዬ ቦቱን በሁለት እጄ አነሣሁና ተከተልኳቸው።